ሰኔ ሚካኤል ሳያልፍ

አዘዞ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፍቅርተ ተሾመች! አያ ዳኛው፣ ሰማኸኝ? ፍቅርተማርያም ልጄ ከደጋ ወርዳ እዚሁ ከተማ፣ ግብርና መሥሪያ ቤት ገባች፤ ያውም ቡድን መሪ ሆና! በል ቶሎ እናኑን ጥራትና እልል በሉልኝ፤ እኔ እዚህ ጎረቤቱን አደንቁሬ ጨረስኩት።

ሰላምታውን ዘለልኩት አይደል? ደስታ ሥርዓት ያስረሳል፣ ይቅር በለኝ። ለውድ ወንድሜ ለአያ ዳኛው፦ አንተ፣ እናኑ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ እንዴት ከርማችኋል? እኔ የአዘዞው ተክለ ሃይማኖት ክብሩ ይስፋና ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ስልክ ብደውል ብደውል ያቺ ሴትዮ «የደወሉላቸው ደንበኛ» እያለች ትመልሰኛለች፤ እናንተ ጋ ኔትወርክ ከጠፋ ስንት ጊዜው! ስለዚህ ወደ እናንተ በሚወጣው የመካነ ብርሃን አውቶቡስ፣ በሹፌሩ በሰውአገኝ እጅ ጻፍኩልህ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩት ለዚህ ቀን ነዋ!

ሹመቱ በምን የመጣ ይመስልሃል? ባንተ ማሳ ነው! «ደጋ ላይ የልማት ሠራተኛ ሆና፣ ገበሬው ምርጥ ስንዴን እንዲቀበል አድርጋ፣ የአንድ መንደር ማሳ በሙሉ በኩታ ገጠም አስዘርታ» እያሉ ሲያነቡላት እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እንባዬን በነጠላዬ ስጠርግ ነበር። ፎቶህ ግድግዳው ላይ አለ። ስንዴው እስከ ደረትህ ደርሶ፣ አንተ ካፖርትህን ቆልፈህ መሐሉ ቆመህ። ከሥሩ «ሞዴል አርሶ አደር ዳኛው» ይላል። «ዘመዴ ነው!» ብዬ ብጮህ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዷ ደግሞ «የቅርብ ነው የሩቅ?» አትለኝም? ያንተ አባትና የኔ እናት የወንድምና የእኅት ልጆች፤ ይሄ ምኑ ነው ሩቅ!

ባለፈው መስከረም ለመስክ ቀኑ ስመጣ ያየሁትን መቼም አልረሳውም። መኪናው ተሰልፎ፣ ቄሶቹ ጥላ ይዘው፣ እናንተ ዳስ ጥላችሁ፣ ልጄ ኮፍያዋን አድርጋ ስታስረዳ። ያ ጠላስ! ጥቁር ገብሱ ምላስ ላይ የሚቆም! ያ ወፍራሙ እንግዳ ሲያስቀዳ ሲያስቀዳ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ማሳውን ትቶ እንስራውን ነበር የሚጎበኘው።

እና አንድ ነገር ላስቸግርህ። ከፋሲካ በኋላ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ፣ አለቆቿንም ዘመድ አዝማዱንም ልጠራ ነው። ለጠላው ያንን ጥቁር ገብስ አንድ ስልቻ ሞልተህ በሰውአገኝ ላክልኝ። የከተማ ገበያ ገብስ ጠላ አይሆንም፣ ውኃ ነው። እንቢ እንደማትለኝ አውቃለሁ፤ ጎታህ መቼ ነጥፎ ያውቃል!

በደስታ ያበደች እኅትህ፣ ይርገዱ

———

መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽ እኅቴ ለወይዘሮ ይርገዱ፤

የእግዚአብሔር ሰላም ከቤትሽ አይለይ። ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ፤ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርስሽ። እኔ ደኅና ነኝ ካሉት ደኅና ነኝ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። እጄ ለመጻፍ አልታዘዝ ብሎ ነው። የልጅቱ ሹመት የተባረከ ይሁን። ወልዶ ለዚህ መብቃት ሸጋ ነው።

ገብስ ዘንድሮ የለም።

እናኑ ወንድሟ ዘንድ ወርዳለች፤ መቼ እንደምትመለስ እንጃ። ቀዩ በሬ ተሽጧል። ሌላው እንዳየሽው ነው።

ፍቅርተን ስታገኚያት «አያ ዳኛው፣ ለመስክ ቀኑ ያቆምሽው ሰሌዳ ገና ማሳው ላይ ተተክሎ አለ ብሏል» በያት።

ዳኛው

———

አዘዞ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ዳኛው፣ እንደምን ሰንብተሃል? ጾሙስ እንዴት ይዞሃል?

«ገብስ ዘንድሮ የለም።» ይህቺን ሦስት ቃል ለመጻፍ ነው እንዲህ የቆየኸው? ለምን እዋሻለሁ፣ ተቆጥቼ ነበር። «ሰስቶ ነው» አልኩ። በኋላ ደግሞ አያ ዳኛው መቼ ስስት ያውቃል ብዬ ራሴን ተቆጣሁ። ፍቅርተን ስጠይቃት «እማዬ፣ ገብሱን ተዪው፤ ከገበያ እንገዛለን» ብላ ስልኳን ማየት ጀመረች። የሰሌዳውንም መልእክት ነገርኳት። «ምን ማለቱ ነው?» ስላት «ቀለሙ እንዳይለቅ ጠብቅልኝ ብዬው ነበር» አለችኝ። አየህ ልጄን? ከተማ ገብታም ሥራዋን አትረሳም።

ደግሞ ምነው፣ እናኑ ወንድሟ ዘንድ ወረደች ማለት ምንድን ነው? ባልና ሚስት በዚህ ዕድሜ ተጣላችሁ እንዴ? ሂድና አምጣት፤ ሰው እንዳይስቅባችሁ። በሬውንስ ምን አግኝተህ ሸጥከው? ትራክተር ልትገዛ ነው? ይሁና፣ ሞዴል ገበሬ አይደለህ!

እንግዲህ ገብሱ ይቅር። ይልቅ ራስህ ና። ሁለት ሽማግሌ አስከትለህ፣ ያንን ካፖርትህን ለብሰህ ትመጣና አለቆቿ ፊት ብድግ ብለህ ትመርቃታለህ። «ይህቺ ልጅ ከእኛ ጋር በብርድ የኖረች፣ እንጀራችንን ያበዛች» ብትል በቂ ነው። ወረቀት ሌላ፣ የገበሬ አፍ ሌላ። ኃላፊው «ገበሬዎቹን ባያቸው ደስ ይለኛል» ብሏታል። ማደሪያው እኔ ቤት ነው፣ ፍራሽ አሰፍቻለሁ።

እንዳትቀርብኝ።

ይርገዱ

———

ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለወይዘሮ ይርገዱ፤

ለሰሙነ ሕማማቱ በሰላም ያድርስሽ።

ትራክተር አልሽኝ። ደብዳቤሽን ለጎረቤቴ ለይበልጣል ባነብለት ሣር ላይ ተንከባለለ። ከሳቁ ሲመለስ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

እንግዲህ የማታውቂው ከሆነ እወቂው፤ የምታውቂው ከሆነም ከኔ ስሚው። ያ ፎቶ የመስከረም ነው። እስከ ደረቴ የደረሰው ቅጠል ነው፤ ስንዴው ገና ፍሬ አልቋጠረም። የኛ ጥቁር ገብስ ቢሆን በዚያ ቀን አንገቱን ደፍቶ ማጭድ ይጠብቅ ነበር። እንግዶቹ ለምለሙ ላይ ቆመው ምርቱን ገመቱ፣ ጻፉ፣ አጨበጨቡ፣ ሄዱ። ጥቅምት በባተ በሳምንቱ ውርጭ ወረደ። ጠዋት ስንወጣ የመንደሩ ማሳ ሁሉ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ተኝቷል። አንድ ላይ አልነበር የተዘራው፤ አንድ ላይ ሄደ። አጨድነውና ለከብት ሰጠነው። ከብቱም እያነፈነፈ ነው የበላው።

ልጅቱ መጣች። ማሳው ዳር ተቀምጣ አለቀሰች፤ ያላደረገችውን አልልባትም፣ አለቀሰች። «አያ፣ መሬቱ ብርዳም ነው ብዬ ነግሬያቸው ነበር። ለቀበሌው የተመደበው ስንዴ ነው ብለው ላኩት» አለችኝ።

«እንግዲያስ የሆነውን ጻፊላቸው» አልኳት።

«እጽፋለሁ አያ።»

በታኅሣሥ ዕቃዋን ይዛ ወረደች። የጻፈችውን ይኸው ካንቺ ሰማሁ።

አሁን ደግሞ የጎታውን ስሚ። የአባቴ ጎታ የመንደሩ የዘር ቤት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ዘር ያጠረው ከዚያ ይወስዳል፣ ሲያጭድ ይመልሳል። በክፉ ቀን እንኳ ተርበን ያልነካነው ነው። ዓምና ሁሉም ስንዴ ሲዘራ ገብሱ ጎታው ውስጥ ቀረ። ለመስክ ቀኑ ይህን ያህል እንግዳ ይመጣል ሲባል ጊዜው መስከረም፤ በመስከረም የማን ቤት እህል አለ? እናኑ «የዘር እህል ለእንግዳ አይጠመቅም» ብላ ጎታው አፍ ላይ ተቀመጠች። ልጅቱ «እታ እናኑ፣ ከእንግዲህ ምርጥ ዘር በየዓመቱ ይመጣላችኋል፤ ይሄ ምን ያደርግላችኋል?» አለች። እኔም ያን ሁሉ ሹም ጦሙን ሰድጄ ስሜን በክፉ ላስነሣ? «ተነሽ!» አልኳት።

ያ ምላስሽ ላይ የቆመው ጠላ የመንደሩ ዘር ነው፣ ይርገዱ።

እናኑም የሄደችው ተጣልተን አይደለም። የሚበላ ስለሌለ ነው። ጎረቤቱም የየራሱን ቁራሽ ዘር በዚሁ በጋ ቆልቶ ጨረሰው። በቀደም ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ይበልጣል ሰው ፊት «አያ ዳኛው፣ ዘር ታበድረኛለህ? ወይስ በማንቆርቆሪያ ነው የምትሰፍረው?» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

መጥተህ መርቅ አልሽኝ። ምን ብዬ? አልመጣም። የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጅቱ ለአለቆቿ እውነቱን ትናገርና እንደኛው ካለ ከብርድ አገር የገብስ ዘር ይላኩልን። ሰኔ ሚካኤል ሳያልፍ፤ ሰኔ አሥራ ሁለት። ከዚያ ወዲያ የተዘራውን የሚያጭደው ውርጭ ነው።

ዳኛው

———

አዘዞ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ ዳኛው፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ፤ ዘግይቶም ቢሆን። መንገዱ ተዘግቶ ሰውአገኝ ሁለት ሳምንት እዚህ ተቀምጦ ነበር። እኔም ግን ለመጻፍ አልቸኮልኩም፤ አንተ እጄ አልታዘዝ አለ ያልከው ለካ ይሄ ኖሯል።

ድግሱን ለሌላ ቀን አሳለፍኩት። ለሰው «ጉልበቴን አሞኝ» አልኩ። ያን ጠላ ደግሞ ስንቴ እንዳስቀዳሁ አሁን ትዝ ሲለኝ!

ፍቅርተን ያዝኳት። ማታ ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ቆምኩባት።

«ውርጭ መታው ወይስ አልመታውም?»

«ማን ነገረሽ?»

«እኔ የጠየቅሁሽን መልሺልኝ!»

«መታው።»

«ታዲያ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«እማዬ፣ በመስክ ቀኑ የተገመተው ቀድሞ ሄዶ ነበር። ሪፖርት ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ወደ ታች አይወርድም። ላስተካክለው ብዬ ብሄድ አለቃዬ «የሌሎቹ ሁሉ ያማረ፣ ያንቺ ብቻ ተበላሸ ልትይኝ ነው?» አለኝ። ተውኩት። ከዚያ ሹመቱ መጣ። በሹመት ቀን ተነሥቼ ማሳውን ውርጭ በልቶታል ልበል?»

ከዚያ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተኛች። አያ፣ ምን ልበላት? አባቷ ሲሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። በጉልት ሽንኩርት ነው ያስተማርኳት። እናንተ ጋ በነበረችበት ጊዜ በብርድ የተሰነጠቀ ተረከዟን ቅባት ስቀባላት ታለቅስ ነበር። አሁን እንደ ሰው ወንበር አገኘች። እውነቱን ተናገሪ ብዬ ካስነሣኋት ወንበሩን ለሌላ ይሰጡታል፤ ላንተም ዘር አይመጣም። እኔ እናት ነኝ። አንተም ብትሆን «ተነሽ» ያልከው አንተው ነህ፤ ሁሉንም ልጄ ላይ አትጫንባት።

እጄን አጣጥፌ ግን አልተቀመጥኩም። ጠዳ ወርጄ ከገበያው ሸጋ ሸጋውን ገብስ መርጬ፣ ነጭ፣ ፍሬው እንደ ጥርስ የሚያበራ፣ ሁለት ጆንያ በሰውአገኝ ጭኜልሃለሁ። ዝራው። ለይበልጣልም ስጠውና አፉን ይዝጋ። ዘር ዘር ነው፤ መሬት ከገባ ይበቅላል።

ይርገዱ

———

ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለይርገዱ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ገብሱ ደርሶኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቆልተን በላነው፤ ከእያንዳንዱ ቤት ሴቶቹ በየእንቅባቸው ወሰዱ። ጣፋጭ ነው። የጠዳ ገብስ ግን የጠዳ ነው። እዚህ ብዘራው ይበቅላል፣ ይለመልማል፣ ፎቶም ይነሣበታል። ከዚያ እንደዚያኛው ይሆናል። ልጅሽም አንቺም ደግ ናችሁ፤ ደጋ ላይ የምትልኩት ግን የቆላ ነው።

«ተነሽ ያልከው አንተ ነህ» አልሽኝ። ልክ ነሽ። ለዚህ ነው እናኑን ሂጄ ማምጣት ያቃተኝ።

የልጅሽ ወንበር ይነሣ አላልኩም። ይቀመጥላት። ተሳሳትኩ ብላ አደባባይ ትቁምም አልልም፤ ያንን ተውኩት። በመሐላ እንኳ ብትፈልግ ውርጩን ከአፌ አላወጣውም። የምፈልገው ገብስ ነው። በወንበሯ ላይ ተቀምጣ አንድ ቃል ተናግራ አንድ መኪና ታስጭንልኝ። ከደጋ የተገኘ ይሁን እንጂ ጥቁርም ይሁን ቀይ አልመርጥም።

መሬቱ ታርሶ ለስልሶ ተቀምጧል። ትናንት የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ዝናብ ቤቱ ሁሉ በእልልታ ይሞላ ነበር። የመንደሩ ጎረምሶች ወደ መተማ ለሰሊጥ ቀን ሥራ ወርደዋል። ይበልጣልም «ካልተዘራ ምን እጠብቃለሁ» ብሎ ጓዙን ሸክፏል፤ እስከ ሰኔ ሚካኤል ታገሠኝ ብዬ ለምኜ ነው ያስቀመጥኩት። አሁን አይቀልድብኝም። ቀልዱ ይሻለኝ ነበር።

አትዘግዪብኝ።

ዳኛው

———

አዘዞ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ተገኘ! አያ ዳኛው፣ ዘሩ ተገኘ! ጥቁር ገብስ፣ ከብርድ አገር የመጣ፣ በጆንያ በጆንያ ተደርድሮ መጋዘን ገብቷል! ፍቅርተ ይዛኝ ሄዳ በዓይኔ አየሁት፤ እጄን ከትቼ አሸተትኩት። ልክ ያንተው! ለይበልጣል ንገረው፣ ጓዙን ይፍታ!

ደግሞ ሰላምታውን ዘለልኩት፤ ምን ላድርግ፣ ደስታ ሲመጣ በር አያንኳኳም። እንኳን ለበዓለ ጰራቅሊጦስ አደረሰህ። እናኑንም አሁን ሂድና አምጣት፤ ምክንያት አገኘህ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ደብዳቤህን ሳነብላት ፍቅርተ ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። በነጋታው ኃላፊዋ ክፍል ገባች። ስትወጣ ፊቷ በርቷል። ውርጭ የሚል ቃል እንኳ አላስፈለጋትም። «ገበሬዎቹ ስንዴውን ተቀብለዋል፤ አሁን ገብስም ጨምሩልን እያሉ ነው» ነው ያለችው። ኃላፊው ጠረጴዛውን መታ አሉ፣ በደስታ። «ይሄማ ሁለተኛ ምዕራፍ ነው! የዘር ርክክቡን እዚያው ሞዴል ገበሬው ማሳ ላይ እናድርገው፤ ቴሌቪዥንም ይጠራ» አለ። አየህ አያ? ማንም ሳይዋረድ፣ ማንም ወንበሩን ሳያጣ! ልጄ ብልህ ናት ስልህ።

አንተም እንግዲህ ያለፈውን አታንሣ። ሰሌዳውን ጥረገው፤ አዲሱ ከጎኑ ይተከላል። ማይክ ሲሰጡህ «ጠየቅን፣ ደረሱልን» በል፤ እሱ ደግሞ እውነት ነው፣ ውሸት አያናግርህም።

ስለ ቀኑ። ኃላፊው ሰኔ ዘጠኝ ሰኞ ብሎ ነበር የቆረጠው። ይሄን ስሰማ ቤቴ ተቀምጬ ዝም እላለሁ? የሐዋርያት ጾም ውስጥ! ያን ሁሉ እንግዳ፣ ከክልል የሚመጣውን ሁሉ፣ በሽሮና በጎመን ልንቀበል? ያንተ ቤት ስም ምን ይሆናል? በመስከረም ዘራችሁን አፍስሳችሁ ያስተናገዳችሁ ሰዎች አሁን ደረቅ እንጀራ አቀረቡ ይባል? ቢሮው ድረስ ሄድኩልህ። ጸሐፊዋ «እማማ፣ ቀጠሮ አለዎት?» ስትለኝ አልፌያት ገባሁ። «ጌታዬ፣ ፍስክ ይሁንልን፤ የደጋ ሰው እንግዳውን በጾም ወጥ አይሸኝም፤ በሬውን እኔ አቀርባለሁ» አልኩት። ሳቀና «እናቴ፣ እርስዎ ያሉት ይሁን» ብሎ እፊቴ ቀኑን ሰርዞ ሌላ ጻፈ። ፍቅርተ ከኋላው ቆማ በዓይኗ ተይ፣ ተይ ትለኝ ነበር፤ አፍራብኝ ነው መሰለኝ። ልጅ ምን ያውቃል!

ጥቂት ቀን ብትዘገይ ምን አለበት? ዘሩ መጋዘን ነው ያለው፣ አይነቅዝ፣ አይበሰብስ። ከርክክቡ በፊት አንድ ጆንያ እንዳይወጣ በትእዛዝ ተቆልፎበታል፤ ማንም አይነካባችሁም። የዘንድሮ ዝናብም ረጅም ነው እያሉ በሬዲዮ ሲናገሩ ሰምቻለሁ።

የልጄን የሹመት ድግስም ከዚሁ ጋር አድርጌዋለሁ፤ ሁለት ደስታ በአንድ ዳስ። በሬው ተገዝቷል፤ ጠዳ ዘመድ ዘንድ ሣር እየበላ ነው። ለቄሶቹ ንገር፣ ለሽማግሌዎቹ ንገር፣ መተማ የወረዱትም ልጆች ሰው ልካችሁ አስጠሩ። ቀኑን ጻፍና በቤተ ክርስቲያን በር አስነግር፦ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ ጾሙ እንደተፈታ፣ ቅዳሜ ሐምሌ አምስት ቀን፣ ማሳህ ላይ፤ ትልቅ ትንሽ ሳይባል ማንም እንዳይቀር።

ይርገዱ